መኪያ ካሜራውን አላበላሸችም

የመኪያን ሞት የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው። የኮምባይነር ራዲያተር ገልብጬ የሚያፈስበትን ቀዳዳ እየፈለግኩ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ያቺ የኮሌጇ ሴትዮ አርፋለች አሉ» አለኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ካሜራውን ያበላሸችው ናታ!»

በእጄ የነበረውን የሽቦ ብሩሽ መሬት ላይ ወረወርኩት። ነጂው እሱ ላይ የወረወርኩ መስሎት በረረ። እሱ ምን ያድርግ? የሰማውን ነው የተናገረው። ዕድሜዋን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማረች ሴት፣ ግማሹ የአሰላ ሐኪምና መሐንዲስ በእጇ ያለፈ ሴት፣ ስትሞት የተረፋት ስም ይህ ሆነ። ካሜራውን ያበላሸችው።

እኔ ከፊደል ጋር ብዙ የምንዋደድ አይደለንም። ራዲያተር ነው የምበይደው። ግን መኪያ ካሜራውን አላበላሸችም። በአፌ ስናገር የሚሰማኝ ስላጣሁ ይኸው እየጻፍኩት ነው፤ የሚያነብ ያንብበው።

መጀመሪያ የመጣችው ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ሱቄ ነው። ረጅም ካፖርት ለብሳ፣ የሻርፗን ሁለት ጫፍ ካፖርቱ ውስጥ ወትፋ። ያን ጊዜ ለብርድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃት «ክር እንዳይረግፍ ነው» አለችኝ። በብብቷ የመዳብ ቁራጭ ይዛለች።

«ራዲያተር የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። መኪናው ምንድን ነው?»

«መኪና አይደለም። ካሜራ ነው።»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «ካሜራ ይፈላል እንዴ?» አልኳት።

«ይሄኛው ይፈላል» አለችና ሳልጋብዛት ጎማው ላይ ተቀመጠች።

ኮሌጁ ከከተማው ወጣ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ ቴሌስኮፕ መጥቶለት፣ ክብ ጣሪያ ያላት ትንሽ ቤት ተሠርታለታለች። ሰማዩን የሚያነሳው ካሜራ ቴሌስኮፑ ጭራ ላይ ይታሰራል። ካሜራው ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ሰፋ የሚል ሴንሰር አለ፤ ብርሃን የሚያየው እሱ ነው። ይህን ሴንሰር በጣም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ አሰላ ተቀምጠሽ ብርድ ፍለጋ እኔ ጋ መጣሽ? በቆጂ አትወስጂውም?»

«የበቆጂ ብርድ ለእኔና ለእርስዎ ነው ብርድ» አለች፣ «ለሴንሰሩ የሞቀ ሻወር ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው የሌለ ነገር አያይም? ጣሪያው ላይ ሰው ቆሟል አይልም? ሴንሰርም ሲሞቅ እንደዚያው ነው። ኮከብ ሳይኖር ኮከብ አየሁ ይላል። የውሸት ኮከብ ይሞላብኛል።»

ነገሩ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ከሴንሰሩ ጀርባ እንደ ብስኩት የሳሳች ነገር አለች። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት አንድ ፊቷ ይበርዳል፣ ሌላ ፊቷ ይግላል። ብርዱ ወደ ሴንሰሩ፣ ግለቱ ወደ ውጭ። ግለቱን የሚወስድላት ካላገኘች ብርዱንም አትሰጥም። ፋብሪካው ለዚህ ማራገቢያ ገጥሞለታል። «የሠሩት ሰዎች ግን ቆላ ነው ያሉት» አለች መኪያ። «የእኛ አየር ስስ ነው። ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ የሚወስደው ሙቀት የለም። ደግሞ ያንቀጠቅጥብኛል። ሲንቀጠቀጥ ኮከቡ እንደ ገብስ ፍሬ ይረዝማል።»

እሷ ያሰበችው ማራገቢያውን አውጥታ በውሃ ማቀዝቀዝ ነው። መዳቡ ውስጥ ቦይ ይወጣለታል፣ በላዩ ክዳን ይበየዳል፣ ውሃው በቀጭን ቱቦ ገብቶ ግለቱን ይዞ ይወጣል፣ ከቤቱ ውጭ ባለች ትንሽ ራዲያተር ይበርድና ይመለሳል። ሥዕሉን ራሷ ነው የሣለችው። ራዲያተሯን ከአሮጌ ፒካፕ ማሞቂያ አውጥቼ ሰጠኋት።

አሁን ደግሞ ጠባይዋን ልናገር፤ ሰው ሲሞት መልአክ ማድረግ አልወድም። መኪያ ነዝናዛ ነበረች። የበየድኩትን በጣቷ ዳብሳ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ቅንጬ ደፉበት?» ትለኝ ነበር። እኔም ግትር ነኝ፤ እሷም ግትር። ሱቄ ውስጥ ስንጨቃጨቅ የጎረቤቱ ጎሚስታ ሥራውን አቁሞ ያየን ነበር። «ባልና ሚስት ናችሁ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ እሷ ናት የመለሰችለት፤ «ባሌ ቢሆን ኖሮ ይሄን ብየዳ ይዤ ቃዲ ቤት ነበር የምሄደው!» አለችው። አስፋልት ስትሻገር ግራ ቀኝ አታይም። ሻይ እየፈላ ትጠጣለች። ሚኒባስ ተራ ቆሞ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ከረዳቱ ጋር ትጣላለች። ካሜራው ፊት ስትቆም ግን ሌላ ሰው ናት። እጇ ይረጋል። ስታቀዘቅዘው ቀስ፣ ስታሞቀውም ቀስ። «በአንዴ ካጠፋሁት ይደነግጣል» ትል ነበር። አንድን ነገር ሞቋል ወይ ብላ ስትፈትሽ በመዳፏ አይደለም፤ የእጅ አንጓዋን ወደ ውስጥ ገልብጣ ታስጠጋዋለች፣ እናት የሕፃን ወተት እንደምትሞክረው። እኔም ዛሬ ራዲያተር የምሞክረው እንደዚያ ሆኗል።

አቧራን ትጠላለች፤ ከአቧራ ደግሞ የሰው ትንፋሽን የበለጠ ትጠላለች። አንድ ቀን የካሜራው መስታወት ላይ ብናኝ አየሁና እፍ ልልላት ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ ጎተተችኝ። «ምራቅ ሊተፉበት ነው? ትንፋሽዎ እኮ ውሃ ነው!» የምታራግፈው ከፋርማሲ በገዛችው የጎማ መንፊያ ነው፤ የሕፃን አፍንጫ የሚጸዳበት ነው። ፋርማሲስቷ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብትላት፣ «ገና ዓመት አልሞላውም፤ ከአሰላ ሰው ሁሉ ግን አርቆ ያያል» ብላት መጣች። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች።

በውሃው ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጣላን። ለእኔ ውሃ በበረደ ቁጥር ይሻላል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርድ የምንጭ ውሃ በጀሪካን አስመጥቼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። እሷ በር ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ያንን እዚህ እንዳያስገቡት!»

«ብርድ አይደል የምትፈልጊው?»

«ሴንሰሩ ይብረድ አልኩ እንጂ ቱቦው ይብረድ መቼ አልኩ? ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ ያልበው የለም? ቱቦው ካላበው የሚንጠባጠበው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ውሃው የክፍሉን ያህል ይሁን። ከዚያ አይብረድ።»

ጀሪካኑን ተሸክሜ ወረድኩ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ እንደነበር አየሁት። የመኪያ ጠላት ሙቀት አልነበረም። ሙቀትን አሸንፋዋለች። ጠላቷ እርጥበት ነው። ሴንሰሩ የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል በመስታወት ተዘግታለች፤ ውስጧ እርጥበት የሚጠጣ ጠጠር አለ። ያቺ ክፍል ሴንሰሩ እንደበረደ ከተከፈተች ከውጭ የሚገባው አየር ሁሉ ሴንሰሩ ላይ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው ካሜራው ላይ ወረቀት የለጠፈችው፦ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሳይሞቅ አይከፈትም።

የእኛ ውሃ መሥራት የጀመረ ሰሞን ሁለት ፎቶ አሳትማ ሱቄ ድረስ አመጣችልኝ። አንድ ሰማይ ነው ሁለቱም። አንዱ በማራገቢያ፣ አንዱ በውሃ። የመጀመሪያው ላይ ጨው የተበተነበት ይመስላል። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ኮከቦቹ ክብ ክብ። «ይሄ ጨለማ የእርስዎ ሥራ ነው» አለችኝ። ሰው ጨለማ ሠራህ ብሎ አመስግኖኝ አያውቅም። ፎቶው አሁንም ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ፤ የመጣ ሁሉ «ይሄ ጥቁር ምንድን ነው?» ይለኛል።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ክብ ጣሪያዋ ቤት በይፋ ልትመረቅ ነው። መኪያ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አኑራ ከማለዳው ጀምራ እያቀዘቀዘች ነበር፤ ክዳኑ እንደተደፈነ ለእንግዶቹ በኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ፎቶ ልታሳያቸው ነው። የውሸት ኮከቡ ምን ያህል እንደጠፋ እንዲያዩ። እኔን ውጭ ራዲያተሯ ዘንድ አቆመችኝ፤ ውሃው እንዳይጎድል። ከቆምኩበት በሩ ይታየኛል፣ ውስጡም ይሰማኛል። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የመጣው ቄጠማ ነው። ኮሚቴው ጠዋት የታጨደ፣ ጤዛው ያልደረቀ ቄጠማ በጆንያ አምጥቶ ወለሉ ላይ ጎዘጎዘው። እስከ ቴሌስኮፑ እግር ድረስ። መኪያ ጮኸች።

«አውጡልኝ! ይሄ ሁሉ ውሃ እኮ ነው!»

«መምህርት፣ ያለ ቄጠማ ምን ምርቃት አለ? እንግዳ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ይቁም?»

«በር ላይ ይጎዝጎዝ! ደጅ ይጎዝጎዝ!»

እሷ እያወጣች እነሱ እየመለሱ፣ እንግዶቹ ደረሱ። ጭጋግ ነበር፤ ሁሉም ጋቢውም ካፖርቱም ረጥቧል። ታጭቀው ገቡ። ዲኑ ፊት ፊት ነው። ይህ ዲን የመኪያ ተማሪ ነበር። ይህን አስምሩልኝ። ሳያውቅ አይደለም ያደረገው። ሳይሞቅ አይከፈትም የሚለውን ወረቀት ስትለጥፍ የቆመችበትን ወንበር የያዘላት እሱ ነው።

መኪያ ጥቁሩን ፎቶ አሳየች። እንግዶቹ ጥቁር ነገር አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው የተከበሩ አዛውንት፣ ጋቢ የደረቡ፣ «ታዲያ ዓይኑ የታለ? ዓይኑን አናይም?» አሉ። ክፋት የላቸውም። ለማየት ነው የመጡት።

«ማየት ይቻላል፣ አባቴ» አለች መኪያ። «ግን አሁን በርዷል። ቀስ ብዬ ላሙቀው፤ ከምሳ በኋላ ደረቅ ክፍል ወስጄ አሳይዎታለሁ።»

ዲኑ ሳቀ። «ከምሳ በኋላ እንግዶቻችን ይሄዳሉ፣ መምህርት። አንዴ ከፈት አድርገሽ ዝጊው።»

«አልከፍትም።»

«በእንግዳ ፊት?»

«በእንግዳም ፊት፣ በሌላም ፊት። አንተ ታውቀዋለህ። ለምን አትነግራቸውም?»

ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ጭቅጭቁን ሰምቼ በር ላይ ደርሼ ስለነበር አየሁት። መፍቻውን ከጠረጴዛው አንስቶ የካሜራውን መስታወት የያዘውን የፊት ቀለበት በገዛ እጁ ፈታው። መኪያ እጁን ያዘችው፤ ሌላ የኮሚቴ ሰው እሷን ያዛት። መስታወቱ ተነሣ። ሴንሰሩ ለአንድ አፍታ እንደ መስተዋት አበራ፤ ወዲያው ነጣ። ከብርድ መጥቶ የሞቀ ቤት የገባ ሰው መነጽሩ እንደሚጋረደው። ከዚያ ነጩ ተጠራቅሞ ውሃ ሆነ።

አዛውንቱ «ውይ፣ አላበው!» አሉና የጋቢያቸውን ጥለት ይዘው ጠረጉት። በእርጥብ ጋቢ። የልጅ ልጃቸውን ፊት እንደሚጠርጉ፣ በፍቅር።

መኪያ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ ገደል ሲገባ ያየ ሰው ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ይባስ ብሎ ዲኑ ቶሎ ገጠመውና «ይኸው ይሠራል» ለማለት ኮምፒውተሩን ነካካ። ያ ሁሉ ሲሆን ኤሌክትሪኩ አልጠፋም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ወጣ። ከዚያ ሌላ መስመር። ከዚያ ምንም። ቱቦውን በአንጓዬ ነካሁት፤ ይዞት የሚወጣ ግለት የለም። ብስኩቷም ሞታለች ማለት ነው። እንግዶቹ ወደ ምሳ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይብሳል። በስብሰባ ላይ ካሜራው በኃላፊዋ አያያዝ ጉድለት ተበላሸ ተባለ። እንግዳ ላይ ጮኻለች ተብሎም ተጨመረበት። የክብ ጣሪያዋን ቤት ቁልፍ ቀሟት። መኪያ ዝም ያለች እንዳይመስላችሁ። ቢሮ ለቢሮ ዞራ ጮኻለች። እኔም ሄጃለሁ። በር ላይ ያለው ጸሐፊ «እርስዎ በምን ጉዳይ ነው?» ብሎኝ፣ «ምስክር ነኝ» ስለው፣ «ራዲያተር ሠሪ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ራዲያተር የሚሠራ ሰው ዓይን የለውም መሰለው!

ዲኑ ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ ለመናት። ይህን ራሷ ነው የነገረችኝ። «የኮሌጁ ስም ነው፣ መምህርት። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀበዪው፣ ሌላ ካሜራ እናስመጣለን» አላት።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«የሚመጣውንም አንተ ነህ የምትከፍተው አልኩት።»

እንዲህ ብላ ሳቀች፤ ግን የድሮው ሳቅ አልነበረም። ሱቄ መምጣት አልተወችም። ጎማው ላይ ትቀመጥና ስበይድ ታያለች፤ ብየዳዬን መሳደብ ግን ተወች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁላት። ደም ግፊት ነበረባት። ሌላውን ሐኪም ያውቃል።

በሞተችበት ቀን ከሰዓት ቀበርናት። በማግሥቱ ወንድሟ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ወንድሟ አቶ ከማል ሳጉሬ ላይ እህል የሚነግድ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ሳለ ዲኑ ከኮሌጁ ሰዎች ጋር ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ አጽናና፣ ከዚያም ተነሥቶ መናገር ጀመረ። ታታሪ ነበረች አለ። መምህሬ ነበረች አለ። እሺ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በካሜራው የደረሰው ነገር ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው። ኮሌጁ ቂም አልያዘም። እኛ ይቅር ብለናታል።»

ይቅር ብለናታል! ገና አፈሯ ሳይደርቅ!

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም።

«ማን ነው ይቅር ባዩ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እባክዎ፤ ቦታው አይደለም።»

«ቦታው የት ነው? ቢሮህ ስመጣ በር ላይ መለሳችሁኝ። ስብሰባችሁ ላይ አልጠራችሁኝም። መቃብሯ ላይ ልናገር? እዚያስ ለማን?»

አንድ ሽማግሌ ልብሴን ሳቡ፤ «ተቀመጥ፣ የለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ቄጠማውን፣ ቀለበቱን፣ መፍቻውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አዛውንቱን በስም አልጠራሁም፤ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነው የነበረው፤ እሱም ፊቴ በካልሲ ቆሟል።

ስጨርስ አቶ ከማል ከተቀመጠበት ቀና አለ። አልጮኸም። በኦሮምኛ ነው የጠየቀው፦ «ኤኙቱ በኔ?» ማን ነው የከፈተው ማለቱ ነው።

ዲኑ እኔን አየኝ። የኮሌጁን ሰዎች አየ። እነሱ ምንጣፉን እያዩ ነው። እንደ ስብሰባው እንደገና ሊያድበሰብሰው ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«አነ» አለ። እኔ ነኝ አለ። ድምፁ ጭራሽ የእሱ አይመስልም።

«እንግዲያው» አለ አቶ ከማል በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «ይቅር ብለናታል ያልከውን መልሰህ ውሰድ። እህቴ አያስፈልጋትም።»

ዲኑ አንገቱን ደፋ። «ወስጃለሁ» አለ። ጫማውን ፈልጎ፣ ክሩን እንኳ ሳያስር ወጣ። አብረውት ከመጡት አንድም ሰው አልተከተለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን መኪያ አፈር ውስጥ ናት። ምን ይጠቅማታል የሚለኝ ሰው አለ፤ ንዴቴ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም። አቶ ከማል ግን ጠጋ አለና ከጎኑ፣ ከቤተ ዘመዱ መካከል ቦታ ለቀቀልኝ። የሚገባው ሰው በተራ እጁን እየዘረጋ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ይለኝ ጀመር፣ ወንድሟ የሆንኩ ያህል።

አሜን ማለት አቃተኝ። ከሞተች ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።